ቬክተር የገባኝ ታንኳ ላይ ነው

11ኛ ክፍል ሳለሁ ትርጉሙን በቃሌ እወጣው ነበር፦ ስኬላር መጠን ብቻ ያለው፣ ቬክተር መጠንም አቅጣጫም ያለው። ፈተና ላይ ግን ወንዝ የምታቋርጥ ጀልባ መጣች። ቀዛፊው ፊቷን ወደ ማዶ አቅንቶ በሴኮንድ 0.8 ሜትር ይቀዝፋል፤ ውኃው በሴኮንድ 0.6 ሜትር ይወርዳል። ጥያቄው ጀልባዋ በጠቅላላ በምን ፍጥነት ትሄዳለች ነው፤ ደምሬ 1.4 ጻፍኩና ተሳሳትኩ።

ስህተቴ የታየኝ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ከአጎቴ ጋር በደንገል ታንኳ ስሻገር ነው። መውረጃችን ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ነበር፤ እሱ ግን የታንኳዋን ፊት ከዛፉ ሽቅብ ወደ ሐይቁ አዙሮ ይቀዝፋል።

«አጎቴ፣ ዛፉ እኮ ወዲያ ነው» አልኩት።

«ወደ ዛፉ ካቀናሁማ ውኃው ወስዶ ታች ይጥለናል» አለኝ። እውነትም ዛፉ ሥር ደረስን።

ማታ ደብተሬን አወጣሁ። በሴኮንድ 0.1 ሜትር በ1 ሳንቲሜትር ይወከል ብዬ፣ ወደ ማዶ የ8 ሳንቲሜትር ቀስት አሰመርኩ፤ ከእሱ ጫፍ ተነስቼ ወደ ታች የ6። ከመነሻው እስከ መጨረሻው ጫፍ በማስመሪያ ስለካው 10 ሳንቲሜትር መጣ። በሴኮንድ 1 ሜትር ማለት ነው፤ ፓይታጎረስም ያንኑ ይሰጣል። ወንዙ 80 ሜትር ቢሰፋ መሻገሪያው 100 ሴኮንድ ነው፤ እስከዚያ ውኃው 60 ሜትር ቁልቁል ይወስዳታል። በጣም የገረመኝ ግን ውኃው የቱንም ያህል ቢፈጥን 100 ሴኮንዱ አለመለወጡ ነው። የወራጁ ቀስት ወደ ማዶ የሚያደርሰው ምንም የለውማ!

ከዚያ ወዲህ ቀስት ሳልስል ቬክተር አልደምርም። በእጅ ስጽፍም ከፊደሉ አናት ላይ ትንሿን ቀስት አልተውም፤ መጻሕፍት በደማቅ ፊደል የሚያትሙት እሷኑ ለመተካት ነው። ቀስት የሌለው ፊደል መጠኑን ብቻ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ቆይቶም አታሎኛል፦ አቅጣጫ ያለው ሁሉ ቬክተር ይመስለኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ከረንት በሽቦ ውስጥ አቅጣጫ አለው። ሆኖም 3 አምፔርና 4 አምፔር አንድ መጋጠሚያ ላይ ቢገቡ፣ ሽቦዎቹ በየትኛውም ማዕዘን ይገናኙ፣ የሚወጣው 7 አምፔር ነው፤ በ90 ዲግሪ ቢገናኙ እንኳ እንደ ቀስቶች ድምር 5 አይሆንም። እንደ ቀስት ስለማይደመር ስኬላር ነው። ስለዚህ ታናሽ እህቴን ሳስጠና ከትርጉሙ በፊት «ሁለቱ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?» እላታለሁ።

ባለፈው እሑድ የአጎቴን አቀዛዘፍ ሰጠኋት፦ ታንኳዋ በሴኮንድ 1 ሜትር፣ ወራጁ 0.6፣ መድረሻው ፊት ለፊት ያለው ዛፍ። በማስመሪያና በፕሮትራክተር ሠርታ 37 ዲግሪ ገደማ ሽቅብ ማዞር እንዳለበት አገኘችው።