የ30 ሺህ ዶላሩን ደብዳቤ ትተን የ8 ሺሁን ያዝን

የካቲት 2016 ላይ ለወንድሜ ከአንድ የአሜሪካ የግል ኮሌጅ ደብዳቤ መጣ፦ በዓመት 30 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ። አባቴ ሂርማታ ካለው የቡና መጋዘኑ በሩጫ ነው የመጣው። እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀርቼ ነበር። የኮሌጁ የዓመት ጠቅላላ ወጪ 58 ሺህ ዶላር ይላል። ከእኛ የሚጠበቀው 28 ሺህ ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ፣ ያውም በየዓመቱ።

እንግዳው ከወጣ በኋላ፣ «አባዬ፣ ይኼ እኮ ቅናሽ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «ነጋዴ ዋጋውን ሰቅሎ ሲያበቃ ግማሹን ቀነስኩልህ ቢልህ ትገዛለህ?» ስለው ገባው። የዚያን ቀን ፊቱን አልረሳውም፤ ደስታውን የነጠቅኩት እኔ ነበርኩና።

ጂማ ውስጥ ባንክ ነው የምሠራው። ጂማ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሬ፣ ወጪ መጋራቱን ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን «እዚሁ ዩኒቨርሲቲ እያለ ምን አስኬደው?» ሲሉ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ወንድሜ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ነው። እሱ ያጥና፣ ሒሳቡን እኔ ልሥራ ተባባልን።

መጀመሪያ የተማርኩት የገንዘብ ድጋፉ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው፤ አንዱ የቤተሰብ አቅም ታይቶ፣ ሌላው በተማሪው ውጤት የሚሰጥ። የአሜሪካ መንግሥት ለተቸገሩ ተማሪዎች የሚሰጠው ገንዘብ ለውጭ ተማሪ አይደርስም። ሃርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የሚሰጡት በአቅም ብቻ ነው፤ ውጤት ስላለህ ብለው የሚጨምሩት ሳንቲም የለም። እነዚህ የውጭ ተማሪ ገንዘብ ስለጠየቀ ብቻ አይጥሉትም፣ የሚቀበሉት ቁጥር ግን እጅግ ጥቂት ነው። በአብዛኛዎቹ ሌሎች ኮሌጆች ደግሞ የውጭ ተማሪ ብዙ እርዳታ በጠየቀ ቁጥር የመግባት ዕድሉ ይጠባል።

የእኛ ቤት ጣጣ ሌላ ነበር። አባቴ ወረቀት ላይ ሀብታም ነው፤ ቤት፣ መጋዘንና ንግድ ፈቃድ አለው። ግን ከአጋሮና ከማና ቡና ሲገዛበት የሚያድር ገንዘብ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ እጁ ላይ ይታያል፣ ሰኔ ላይ የለም። ይህን የሚያስረዳ ቦታ የቤተሰብ አቅም በሚሞላበት ቅጽ ላይ አጣሁ። በውጤት የሚሰጠው ግን ከነጭራሹ ስለ አባቴ አይጠይቅም። በዚያ መንገድ ለመሄድ ወሰንን።

ትልቁ ሥራ ዝርዝር ማውጣት ነበር። ወንድሜ ስማቸውን የሰማቸውን ኮሌጆች ጽፎ መጣ፤ አብዛኞቹን ሰረዝኩበት፣ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በውጤት ገንዘብ የሚሰጥ ኮሌጅ የሚከፍለው የራሱን አማካይ ከፍ ለሚያደርግለት ተማሪ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ልጁ ተንጠራርቶ የሚገባበትን ሳይሆን፣ ውጤቱ ከሚገቡት ተማሪዎች የላይኛው ሩብ የሚውልበትን ቦታ ነው። ለዚህ የጠቀመኝ ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ሰነድ ነው። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ ያወጡታል። ምዕራፍ C ላይ የገቡት ተማሪዎች የኤስኤቲ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ነጥብ አለ። የገንዘቡ ምዕራፍ H ነው፤ ስንት ተማሪ አቅሙ ሳይታይ በውጤቱ እንደተሰጠው፣ አማካዩ ስንት እንደሆነ፣ ለውጭ ተማሪዎችስ ይሰጡ እንደሆነ ይናገራል። ለውጭ ተማሪ የማይሰጡትን በሙሉ አወጣሁ። ማታ ማታ መብራት ሲኖር 14 ኮሌጆችን በአንድ ሠንጠረዥ አሰፈርኩ። አዲስ አበባ አሜሪካ ኤምባሲ ያለው የኤዱኬሽን ዩኤስኤ ምክር በነፃ ነው፤ ጥያቄዎቼን ይዤ የሄድኩትም እዚያ ነበር። እዚህ ከተማ አንድ ደላላ «ስኮላርሺፑን አረጋግጥላችኋለሁ» ብሎ 150 ሺህ ብር ጠይቆን ነበር። ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።

ቀጥሎ የማትሪኩ ጉዳይ መጣ። ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2015 ወስዶ 71 በመቶ አመጣ። በዚያ ዓመት በአገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አሜሪካ ያለ ሰው ግን 71 ሲያይ መካከለኛ ተማሪ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ለምነን፣ በአገሪቱ ያለፉት ስንት በመቶ እንደሆኑና ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አስያያዝን። ከሁሉም ጥረታችን ይህች አንድ ገጽ ብዙ ሠራች ብዬ አምናለሁ። ሁለት ኮሌጆች ስለ ደብዳቤው ጠቅሰው መልሰው ጽፈውልናል።

ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ ነው የተፈተነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በአውቶቡስ ጊቤን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሄዶ። ነሐሴ 2015 ላይ 1390፣ ኅዳር 2016 ላይ 1430። አርባ ነጥብ ምን ያደርጋል ያሉን ነበሩ። በቴክሳስ ያለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ውጤት በዓመት 5 ሺህ ዶላር ሰጥቶት ነበር። አዲሱን ውጤት አያይዘን፣ ምርጫችን እናንተ ናችሁ፣ የቀረን ክፍያ ግን ይከብደናል፣ ድጋሚ እዩልን ብለን በትሕትና ጻፍን። ጥር መጨረሻ ላይ 8 ሺህ አደረጉት። ለአራት ዓመት 12 ሺህ ዶላር የጨመረ ኢሜይል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የቴክሳስ ሕግ አለ። በውድድር ቢያንስ አንድ ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ፣ የውጭ አገር ሰውም ቢሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደለት የክልሉ ነዋሪ የሚከፍለውን ዝቅተኛ ክፍያ ሊከፍል ይችላል። 27 ሺህ የነበረው የትምህርት ክፍያ ለወንድሜ 11,500 ሆነ፤ ከዚያ ላይ 8 ሺሁ ሲቀነስ 3,500። የግዴታ የጤና መድኅኑ 3 ሺህ። መኖሪያውና ምግቡ ዳላስ ያለችው አክስታችን ቤት ነው፤ ያለ እሷ ይህ ሁሉ ሒሳብ አይሠራም ነበር። በጠቅላላ 6,500 ዶላር። ለአባቴ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ከታች የሚቀረውን ብቻ አሳየሁት። ሚያዝያ 23 የመልስ ቀን ከመድረሱ በፊት የ30 ሺሁን ኮሌጅ አመስግነን ተሰናበትን።

ያላሰብኩት ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት 3,250 ዶላር ለመክፈል 185 ሺህ ብር አዘጋጅተን የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እየጠበቅን ነበር። ያው ክፍያ ከ325 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ባንክ እየሠራሁ ይህን አለማሰቤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዩኒቨርሲቲው በአራት ጊዜ እንድንከፍል ፈቀደ፣ የመጀመሪያውን አክስቴ አበደረችን፣ አባቴ መጋዘን የቀረው ቡና ዋጋ አብሮ ከፍ ስላለ ሸጦ ሞላው። ለልጃችሁ የምታሰሉ ከሆነ የሚቀረውን በዶላር ጻፉ፣ በብር ስትመልሱት እጥፍ አድርጋችሁ ያዙ። በ2016 የከፈልነው የቪዛው 185 ዶላርና ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ 350 ዶላር ከዚህ ውጭ ነበር።

ሁለተኛው ድንጋጤ ጥር 2017 ላይ ነው። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደሰው አማካይ ውጤቱ ከ3.0 ካልወረደ ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቱ 2.7 ሆነ። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ አይወጣም ነበር። 8 ሺሁ ከሄደ የነዋሪነት ዋጋውም አብሮት ይሄዳል፤ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ። ደብዳቤውን እንደገና ሳነብ የሚታየው የዓመቱ ድምር እንደሆነ አገኘሁ። አንድ ከባድ ኮርስ ለክረምት አስተላለፈ፣ የማስጠኛ ማዕከሉን በየሳምንቱ መሄድ ጀመረ፣ ግቢ ውስጥ የሚሠራውን ሰዓት ከ20 ወደ 10 ዝቅ አደረገ። ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት 3.4 አመጣ፣ ድምሩ 3.0ን ለጥቂት አለፈ። ደብዳቤ ስትቀበሉ «ለአራት ዓመት ነው ወይስ ለአንድ? ውጤቱ የሚታየው መቼ ነው? ከወረደስ የማስተካከያ ጊዜ አለ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኔ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው።

ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ያገኘ ልጅ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት የሚውለው ግብር የለበትም፣ ለመኖሪያና ለምግብ ከሚሰጠው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ 14 በመቶ ይቆረጣል። ከአጋሮ የሄደ አንድ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ተበድሮ ነው የኖረው።

አሁን በምሳ ሰዓት ባንኩ በር ላይ ወላጆች ደብዳቤ ይዘው ይጠብቁኛል። ባለፈው ሳምንት ከአጂፕ ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ሦስት ደብዳቤ አሳዩኝ፤ ትልቁን ከላይ አድርገው ነበር። ወንበር ስቤ ካስቀመጥኳቸው በኋላ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ከእያንዳንዱ የሚቀረውን አብረን ጻፍን። ከታች የነበረውን ወደ ላይ አውጥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።