ድሪቶዬ

ዛሬ እዚህ ኮዬ ፈጬ መብራት በጠዋቱ ጠፋ። እኔም መርፌና ክር ይዤ ድሪቶዬን ልሰፋ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሰጠኝ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ ፌስታል ሙሉ አለኝ። መጀመሪያ ወረቀት በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እቆርጣለሁ፤ እያንዳንዱ ጎን 2.5 ሴንቲ ሜትር። ጨርቁን ወረቀቱ ላይ አጥፌ በሰፋፊ ስፌት ለጊዜው እይዘዋለሁ። ከዚያ እንዲህ ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥሜ ጠርዝ ለጠርዝ መስፋት ነው። ሰባቱ ሲገጣጠሙ አበባ ይወጣቸዋል። ወረቀቱ የሚወጣው ዙሪያው በሙሉ ከተሰፋ በኋላ ነው። እኔ ችኩሏ ቀድሜ አወጣሁትና አንዱ አበባ ጭምድድ አለ። ፈታሁት፣ ምን ላድርግ!

እንግሊዝ አገር በዚህ ዘዴ የተሰፋ፣ 1718 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት ያለበት የሐር አልጋ ልብስ እስካሁን አለ። የድሮዎቹ ሰፊዎች ያረጀ ደብዳቤ ሁሉ ቆርጠው ይጠቀሙ ነበር። የእኔ ወረቀት የልጄ የሒሳብ ፈተና ነው። አበባውን ስገለብጠው 4/10 ያፈጥብኛል።

እማዬ ብቅ አለችና «ሰው ከድሪቶ ይወጣል፣ አንቺ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ መነጽሯን አድርጋ መጣች። መርፌ ጠየቀችኝ። ስፌቷ ደቃቅ ነው፣ ከፊት ለፊት ክሩ አይታይም። የእኔ ግን... ተዉት።

እስከ ማታ ሦስት አበባ ሰፋን። ሁለቱ የእሷ ናቸው።