አንድን ወጣት ፎርዋርድ እንዴት ገመገምኩት

የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የሆነ ወዳጄ የአንድ የ18 ዓመት ልጅ የጨዋታ ቪዲዮዎችን ሰጠኝ። ልጁ ረጅም ነው፣ ፈጣን ነው፣ በየጨዋታው ከቡድኑ አብላጫውን ነጥብ የሚያገባው እሱ ነው። የወዳጄ ጥያቄ ግን "ጎበዝ ነው ወይ?" አልነበረም። "ከፍ ያለ ቡድን ሲገባ ሥራው ምንድን ነው?" ነበር ያለኝ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

መጀመሪያ ኳሱን መከተል ተውኩ። ሲባል ቀላል ነው፣ ዓይን ግን ወደ ኳስ መሮጥ ይወዳል። ማንም ተጫዋች ኳስ በእጁ የሚቆይበት ጊዜ ከጨዋታው ትንሹ ክፍል ነው። ቀሪውን ጊዜ ምን ይሠራል?

ሲያጠቁ ደስ ይላል። ጠባቂው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ከጀርባው ሾልኮ ሪንጉ ሥር ይገኛል። በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ቆመው ኳስ የሚለምኑ ናቸው። ሲከላከል ግን ሌላ ልጅ ነው። ኳሱ በወዲያኛው በኩል ከሆነ የሚጠብቀውን ሰው ይረሳዋል። ኋላ ደንግጦ በሙሉ ፍጥነት ወደ ወርዋሪው ይሮጣል፤ በትንሽ አብዶ ጥለውት ያልፋሉ። ብሎክ ስለሚያበዛ፣ ማለትም የተወረወረ ኳስ በእጁ ስለሚመክት፣ ተመልካቹ ምርጥ ተከላካይ ነው ይለዋል። ብሎኮቹን አንድ በአንድ ወደኋላ መልሼ አየኋቸው። አብዛኞቹ መጀመሪያ ታልፎ ከኋላ በመድረስ የተገኙ ናቸው። ከፍ ባለ ደረጃ ያ ኳስ ቀድሞ ይገባል፣ ካልሆነም ፋውል ነው።

የሦስት ነጥብ ሙከራው ጥቂት ስለነበር ፐርሰንቱን አላመንኩትም። ይልቅ ፍሪ ስሮውን፣ ማለትም ከፋውል በኋላ የሚሰጠውን ነፃ ውርወራ፣ አየሁ። ርቀቱ አይለወጥም፣ ከቦርዱ 4.6 ሜትር ነው፤ ፊት ለፊት የሚከላከል የለም፤ የእጁ አወጣጥ ራቁቱን ይታያል። በአሜሪካው ትልቅ ሊግ በኤንቢኤ ስም ያተረፈው ካዋይ ሌናርድ በኮሌጅ ሳለ ከሦስት ነጥብ ክልል ደካማ ነበር፣ ፍሪ ስሮው ግን ደህና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በ15ኛ ምርጫ ኤንቢኤ ከገባ በኋላ ሦስት ነጥቡ ተስተካከለ። ሁሉም ሌናርድ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ግን የዚህም ልጅ ክርን አይወላገድም፣ ፍሪ ስሮውን በደንብ ያስገባል፤ ተስፋ አለው። የሦስት ነጥብ ውርወራውን ከማዕዘን እንዲጀምር ጻፍኩ፣ እዚያ ርቀቱ ያጥራልና። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ የሦስት ነጥብ መስመሩ ፊት ለፊት 6.75 ሜትር ሲሆን ማዕዘኑ ላይ 6.60 ነው። በኤንቢኤ ደግሞ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ያህል ይደርሳል።

ቀጥሎ ያገባቸውን ነጥቦች ለሁለት ከፈልኳቸው፤ ሌላ ሰው አቀብሎት ያገባቸውና ራሱ ድሪብል አድርጎ የፈጠራቸው። እዚህ ላይ ሥዕሉ ጠራልኝ። የተቀበለውን ይጨርሳል። ራሱ ሲፈጥር ግን ሁልጊዜ በቀኝ ሄዶ፣ ሰው ተደርቦበት፣ ከመሐል ርቀት ይወረውራል። አሁን ይገባለታል፣ ምክንያቱም የሚጠብቁት ልጆች አጫጭር ናቸው። የግራ እጅ በልምምድ ይመጣል። እኔን ያሳሰበኝ ሁለት ሰው ሲመጣበት ለማቀበል የሚወስድበት ጊዜ ነው፤ እሱን ማፍጠን ይከብዳል።

"ሦስት ቁጥር ነው አራት ቁጥር?" የሚለው ክርክር ብዙም አይጥመኝም። ሁለቱም ፎርዋርድ ናቸው፤ ሦስት ቁጥር ፈጣኑና ከሪንጉ ራቅ የሚለው፣ አራት ቁጥር ትልቁና ለሪንጉ የሚቀርበው ነው። የኤንቢኤ ተጫዋቹን ድሬይመንድ ግሪንን እ.ኤ.አ. በ2012 እስከ 35ኛ ምርጫ ያቆየው ይኼው ክርክር ነው፤ ለአራት ቁጥር አጭር፣ ለሦስት ቁጥር ዘገምተኛ ተባለ። እኔ የምጠይቀው ማንን መጠበቅ ይችላል ብዬ ነው። ይሄ ልጅ ዛሬ ትልልቆቹን ይችላቸዋል፣ ፈጣን ጋርዶች (ኳስ ይዘው ጨዋታ የሚመሩ አጠር ያሉ ተጫዋቾች) ፊት ግን እግሩ ይታሰራል።

ስለዚህ የጻፍኩት ሚና ይህ ነው፤ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሳ አራት ቁጥር፣ ማዕዘን የሚቆም፣ የሚሾልክ፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይዞ የሚሮጥ። ጥሩ አቀባይ ከጎኑ ከሌለ ግማሽ ዋጋው ይጠፋል፤ ይህንንም ጨመርኩበት። አባቱ ወረቀቱን አይቶ ቅር እንዳለው ሰማሁ። ነጥብ የሚቆጥር ወላጅ "ከወንበር የሚነሳ" የሚለውን ቃል አይወድም። ወዳጄም ኳስ ይዞ ጨዋታ ይምራ ይላል፣ እስካሁን አልተስማማንም። በአንዱ ግን ተግባብተናል፤ ሌላ ልምምድ ከመጨመሩ በፊት የሚጠብቀውን ሰውና ኳሱን አብሮ ማየት ይማራል።