«ልጅ ሲሞላ ይከፈታል»፦ የዘጠኝ ወር ክትባት በሰፈራችን ጤና ጣቢያ

ልጃችን የተወለደው አዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው የሰፈራችን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የመጀመሪያውን የፖሊዮ ጠብታም እዚያው ወሰደ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶቹ ያለ እንከን አለፉ፤ ጠዋት ካርድ ይወጣል፣ ልጁ ይመዘናል፣ ጭኑ ላይ ይወጋል፣ ጥቂት ያለቅሳል፣ ወደ ቤት እንመለሳለን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ዘጠነኛው ወር ነው፤ ምክንያቱም የኩፍኝ ክትባት ከቀደሙት በተለየ መንገድ እንደሚሰጥ አስቀድሞ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ስለገባች፣ የእኔ ሥራ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለሚጀምር፣ ልጁን ይዞ መሰለፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። በክትባት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙውን ጊዜ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ «እናቱ ምን ሆና ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለም፣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር።

በካርዱ ላይ በተጻፈው ቀን በጠዋት ደረስኩ። ሲስተሯ ካርዱን ገለጥ አድርጋ አየችና «የማሙሽ አባት፣ ኩፍኝ ዛሬ አይከፈትም፤ ሐሙስ ይምጡ» አለችኝ። ቀጠሮው በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ መሆኑን ባሳያትም፣ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ቀጣዩን ልጅ ጠራች። ሐሙስ ስሄድ ደግሞ ለኩፍኝ የመጣነው ጥቂት በመሆናችን «ልጅ አልሞላም» ተብለን ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠርን። እንደ ታክሲ ሰው እስኪሞላ የሚጠበቅበት ክትባት መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሲስተሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስጠይቃት ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችኝ። የኩፍኝ ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ የሚመጣ ሲሆን፣ እዚያ ያለው ብልቃጥ ለ10 ልጆች የሚበቃ ነው። ከራሱ ፈሳሽ ጋር ከተበጠበጠ በኋላ ግን የሚቆየው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀርም ሊራባበትና የክትባቱም አቅም ሊወርድ ስለሚችል የተረፈው ይደፋል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው፣ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታ የሚባል ክትባት ግን ፈሳሽ ሆኖ ስለሚመጣ፣ የተከፈተው ብልቃጥ በአግባቡ በቅዝቃዜ ከተያዘ እስከ 28 ቀን ያገለግላል፤ በቀደሙት ቀጠሮዎች ያልተጉላላነው ለዚህ ነበር። «ለሦስት ልጅ ከፍቼ የቀረውን ብደፋ፣ የብክነት ሪፖርት ላይ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችኝ።

እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። የሚደፋው ክትባት ይቆጠራል፣ በቅጽ ይሞላል፣ ለበላይ አካል ይላካል፤ ሳይከተብ የሚመለሰው ልጅ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ከጎኔ የተቀመጠች፣ የቀን ሥራዋን ትታ ከሩቅ በእግሯ የመጣች እናት «የዛሬ ሒሳቤም ቀረብኝ፣ ልጄም አልተከተበም፤ ሁለተኛ አልመጣም» ብላ ልጇን አዝላ ስትወጣ፣ ማንም ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። ዓመቱ ሲያልቅ እሷ ምናልባት «ቀጠሮ አቋራጭ» ተብላ ትቆጠር ይሆናል።

በጤና ሙያ ላይ ያለ ጓደኛዬን ስጠይቀው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚል መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቱን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትባቱ እንዳይሠራ ስለሚያደናቅፍ እስከ ዘጠነኛው ወር ይጠበቃል፤ በዚያ ዕድሜ ግን ያ መከላከያ ተሟጥጧል። ስለዚህ ከዘጠነኛው ወር በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ልጁ ከእናቱም ከክትባቱም ጥበቃ የሌለበት ሳምንት ነው፤ ኩፍኝ ደግሞ በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ ጥንቃቄ በማድረግ ብቻ የሚሸሹት በሽታ አይደለም።

ይህንን ይዤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። በትሕትና ተቀብለው፣ ወንበር ሰጥተው፣ «አባት፣ እኛም እኮ ለሕዝቡ ንብረት ተቆርቁረን ነው» አሉኝ። ቢያንስ ሲስተሯ ቀጠሮ ስትጽፍ ሁሉንም የዘጠኝ ወር ልጆች በአንድ ሐሙስ እንድታሰባስብ ብጠይቃቸው «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ቢያስገቡት» ብለው ሸኙኝ። የሳጥኑ ቁልፍ ዝጎ ስለነበር ከፍቶ የሚያነበው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጁን ትንሽ ሳል ይዞት ነበር። ካርድ ክፍሉ ገና ከሩቅ «የታመመ ልጅ አይከተብም» አለን። ይህም ቢሆን ስህተት ነው፤ ቀላል ጉንፋንና መጠነኛ ትኩሳት ክትባት አይከለክሉም። ሆኖም በዚህ ምክንያት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ወደሚታከሙበት ክፍል ተላክን፤ እዚያ ያየሁትን ባላመሰግን ግፍ ይሆንብኛል። ባለሙያዋ ልጁ ጭኔ ላይ ጸጥ እስኪል ጠብቃ፣ ሹራቡን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ሆዱና ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ አተነፋፈሱን ቆጠረች። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ተብሎ እንደሚታከም፣ የእኔ ልጅ ግን ከዚያ በብዙ በታች መሆኑን ነገረችኝ። ክንዱንም የምግብ እጥረት መኖሩን በሚያሳየው ባለቀለም ማሰሪያ ለክታ ደህና በሚለው አረንጓዴ ላይ መድረሱን አሳየችኝ፤ ከዚያ ራሷ ተነሥታ ወደ ክትባት ክፍሉ ወሰደችንና «ይህ ልጅ ይከተባል» አለች። ብልቃጡ ግን አሁንም አልተከፈተም፤ ልጅ አልሞላም።

ከዚያ በኋላ መለመኑን ትቼ ልጆቹን ራሴ ወደ መሰብሰብ ገባሁ። በሕንፃችን የነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዘጠኝ ወር የሞላው ያልተከተበ ልጅ ያለው እንዲያሳውቀኝ ጻፍኩ። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም መዝገቧን ገልጣ የቀሩትን ቤቶች እያንኳኳች ነገረችልኝ፤ ያቺን የቀን ሠራተኛ እናትም ያገኘቻት እሷ ናት። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አግዳሚው ወንበር አልበቃንም፤ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው የመጡ አንዲት እማማ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬስ ሞልተናል!» ሲሉ ሲስተሯም ሳቀች። ብልቃጡን አውጥታ በጠበጠችው፣ የተከፈተበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጻፈች፣ የልጄን ክንድ ቆንጠጥ አድርጋ ከቆዳው ሥር ወጋችው። ነገሩ ሁሉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ወላጅ ሥራ መሆን ያልነበረበት መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

ልጁ ዘጠነኛ ወሩን ለሚደፍን ሰው የምመክረው፣ ከሳምንት በፊት ብቻውን ሄዶ «ኩፍኝ የሚከፈተው በየትኛው ቀን ነው? ስንት ልጅ ተቀጥሯል?» ብሎ ክትባት ክፍሉን እንዲጠይቅ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አምኖ ልጅ ተሸክሞ መሄድ ልፋት ነው። «በቀጠሮዎ ብቻ ይምጡ» ይሏችኋል፤ አትስሟቸው። «በወረዳችሁ ተከተቡ» ቢሏችሁም፣ መደበኛው ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ፣ የጎረቤት ወረዳው ጤና ጣቢያ በዚያ ቀን ከፍቶ ከሆነ ካርዳችሁን ይዛችሁ ተሻገሩ። ከመለሷችሁ ደግሞ የተመለሳችሁበት ቀንና ምክንያቱ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ብዙዎቹ መጻፍ አይወዱም፤ ይህን የጠየቀች አንዲት እናት ግን ሳይጻፍላት ብልቃጡ ተከፍቶላታል። ካርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ስድስት ወር ያለፈው ልጅ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ መመዝገቡንም በዚያው እዩ፤ እኛ እስክናስታውስ ድረስ የኛ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር።

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር ነው፤ በአገራችን መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2011 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ትልልቅ ልጆች ያሏቸው ወላጆች «በዘጠኝ ወር አለቀ» ሲሏችሁ በራሳቸው ጊዜ ልምድ ነው የሚናገሩት። ብልቃጡ ያው ብልቃጥ ስለሆነ፣ የዘጠኝና የ15 ወር ልጆች በአንድ ቀን ቢቀጠሩ ቶሎ ይሞላል። ይህንንም ለኃላፊው ነግሬያቸዋለሁ። በቅርቡ ግድግዳው ላይ «ኩፍኝ፦ ሐሙስ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ልጅ ካልሞላ እንደማይከፈት ግን አይናገርም። ይጨመርበት ብል «ከላይ ሳንጠይቅ መቀየር አንችልም» ተባልኩ። ስለዚህ የ15 ወሩን ዝርዝር ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አሁኑኑ መያዝ ጀምረናል።