የቆሮሶ መረቅ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ ዓሣ ለእኔ እንግዳ ምግብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከጥብሱና ከጉላሹ አልፌ መረቁን በወጉ መሥራት የቻልሁት ትዳር ከያዝሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ስሞክር እንደ ዶሮ ወጥ ቆጥሬ ዓሣውን ከቁሌቱ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ስላንተከተክሁት፣ ሥጋው ፈራርሶ ከእሾሁ ጋር ተደባለቀ። ከደጋ ዳሞት ሊጠይቁን የመጡት አማቴ አንዴ ጎርሰው እሾህ ከአፋቸው እየለቀሙ፣ «ልጄ፣ ይህን ለድመቷ ነው የሠራሽው?» አሉኝ።

ብልሃቱን የነገረችኝ ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚሠሩ ሰዎች ጠንካራ ልባሱን ሳይጥሉ ለብቻው ጠበስ አድርገው በውኃና በቅመም ያፈሉታል፤ ሥጋውን የሚጨምሩት መረቁ ከተጠለለ በኋላ፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብቻ ስለሚፈቅድ ሽሪምፕ እኛ ቤት አይገባም፤ ቅርፊት የሌለው አምባዛም እንዲሁ። ብልሃቱን ግን የሚከለክል ሕግ የለም።

ስለዚህ ከጣና ዳር ጠዋት የገዛሁትን፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ቅርፊቱን ፍቄ፣ ሥጋውን በትልልቁ ቆርጬ በሎሚና በጨው አሽቼ አስቀምጣለሁ። ጭንቅላቱንና አጥንቱን አልጥልም፤ ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ግን መረቁን ስለሚያመርር ነቅሎ ማውጣት የግድ ነው። አጥንቱን ከዝንጅብል፣ ከተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ከአንድ ዘለላ ጤና አዳም ጋር በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ፣ በለዘብታ እሳት 25 ደቂቃ ያህል አፍልቼ እጠልለዋለሁ። በኃይል ከተንፈቀፈቀ ይደፈርሳል፤ አረፋውንም እየገፈፉ ማውጣት ይገባል።

በሌላ ድስት አራት ራስ ቀይ ሽንኩርት በኑግ ዘይት አቁላልቼ ሁለት ማንኪያ በርበሬ እጨምርና፣ እንዳያርብኝ መረቁን ጠብ እያደረግሁ አበስለዋለሁ። ቅቤ የዓሣውን ጣዕም ስለሚውጠው አልወደውም። ቁሌቱ ዘይቱን ሲተፋ የቀረውን መረቅ እገለብጥበታለሁ፤ ሲፈላ ዓሣውን ደርድሬ እከድነዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማማሰል የለም፣ ድስቱን በጆሮው ይዞ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነካ ከተላቀቀ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ነስንሼ አወርደዋለሁ።

አማቴ አሁን ሲመጡ መረቁን ለብቻው በስኒ ያስቀዳሉ፤ ቁራጩን ግን ዛሬም እሾሁን ፈርተው ለልጆቹ ያሳልፉታል።