«ሱቁ ነው የለቀቀኝ»

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ የቤት ዕቃ መሸጫ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

መደብሩን ያዳከመው የገዢ መጥፋት ብቻ አልነበረም። በ30,000 ብር የገባውን ማቀዝቀዣ በ36,000 ሸጠን 6,000 ብር ትርፍ እንመዘግባለን፤ አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ ስንደውል ግን ያው ዕቃ 45,000 ገብቷል። በሸጥን ቁጥር መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ፤ ግብሩ ግን የሚታሰበው በመዝገቡ ትርፍ ነው። ባለቤቱ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፈው በብድር የተነሡ ሰው ስለነበሩ ሁለተኛ ዕዳ የሚሸከሙበት አቅም አልነበራቸውም፤ ለመዝጋት በመወሰናቸው አልፈርድባቸውም።

የከፋው ነገር ባለቤቱ ሰው መክሯቸው ያዘጋጁት ወረቀት ነው። «ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የለቀቅሁ ስለሆነ የምጠይቀው ክፍያ የለም» ይላል፤ ይህን ያልፈረመ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አያገኝም ተባለ። ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች ደብዳቤው ይሻለናል ብለው እስክሪብቶ አነሡ። አራት ዓመት ያገለገለችው ሻጭ ግን ወረቀቱን ደጋግማ አንብባ፣ «ጋሼ፣ እኔ መቼ ለቀቅሁ? ሱቁ ነው እንጂ የለቀቀኝ» አለቻቸው።

ወደ እኔ ዞረው «ሕጉ ምን ይላል?» ሲሉ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አወጣሁ። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በዚያም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ያገኛል። የሻጯ ወርኃዊ ደመወዝ 6,000 ብር ስለነበር የአራት ዓመቱ የስንብት ክፍያ 12,000፣ ጭማሪው ሌላ 12,000፣ በድምሩ 24,000 ብር ሆነ። የሥራ ልምድ ማስረጃውም ቢሆን ያለ ክፍያ የሚሰጥ እንጂ ፊርማ የሚለወጥበት አይደለም።

«ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል፣ ልጄ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እውነት ነበር፤ ካዝናው ባዶ ነው። ዐዋጁ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት እንዲፈጸም ቢያዝም፣ ሠራተኞቹ ግማሹን ወዲያው፣ ቀሪውን በኋላ ለመቀበል በጽሑፍ ተስማሙ። የመጨረሻውን የከፈልነው መደርደሪያዎቹንና የመስታወት ሣጥኖቹን አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ከገዛን በኋላ ነው።