የመርፌ መቀቀያዋ

ዛሬ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከደብረ ብርሃን ላይ አልተነሣም። ሲመሽ ሆዴ እንዲሁ ባር ባር አለው። ጋቢ ፍለጋ አሮጌውን ሣጥን ስከፍት ያቺ የመርፌ መቀቀያ እጄ ላይ ወጣች።

በየቤቱ እየዞሩ ያክሙን የነበሩት ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ፣ ጡረታ ሲወጡ ለአባቴ የተዉለት ናት። ክዳኗ ላይ አልኮል አፍስሰው ይለኩሱና መርፌውን ከነስሪንጁ ይቀቅሉባት ነበር። የበቅሏቸውን ኮቴ ስንሰማ እኛ ልጆች አልጋ ሥር እንገባለን። አያቴ ሳል ሲጠናባት የመጡ ቀን ደረቷን ከማዳመጣቸው በፊት ቀና ብለው በጥላሸት የጠቆረውን ጣሪያ አዩ። «እማማ፣ ይህ ምድጃ ከዚህ ቤት ይውጣ» አሉ። በሳምንቱ አባቴ ማድ ቤት ለብቻው ሠራ።

ባለፈው ሳምንት እናቴን ከመንዝ ወደ ሐኪም ለማምጣት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። ሐኪሙ ትሑት ልጅ ነው፣ አልወቅሰውም፤ በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ለእርሷ ስንት ደቂቃ ይተርፋታል? የደም ግፊቷን ለካ፣ «ጨው ይቀንሱ» አላት፣ ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈላት። የጠዋቱም የማታውም ነጭ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት በምን ትለያቸው? ቤቷ ገብቶ መደርደሪያዋን ያየ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀው ነበር።

አሜሪካ ውስጥ እንኳን በአውሮፓውያኑ 1930 ሐኪምና ታማሚ ከሚገናኙበት ከመቶ 40 ያህሉ በታማሚው ቤት ነበር፤ በ1980 ከመቶ አንድ አልሞላም። ራጅና ላቦራቶሪ በበቅሎ አይጫኑምና ታማሚው ወደ እነርሱ መሄድ ጀመረ። አሁን ግን አልትራሳውንድ ሳይቀር በቦርሳ ይያዛል። አዲስ አበባ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ሐኪሙን እቤቱ ድረስ ያስመጣል። መንዝ ላይስ?

በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን መድቦ ቤት ለቤት አዞረ። የስንቱ ሕፃን ክትባት፣ የስንቷ ነፍሰ ጡር ክትትል በእነርሱ እግር የመጣ ነው! እናቴ «ልጄ» የምትላት አንዲት አለች፤ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ታያታለች። ግን የሐኪምን ትእዛዝ መቀየር አትችልም። በወር አንድ ቀን እንኳን ሐኪም አብሯት ቢወጣ ምን ነበረበት? መንገዱን እርሷ ታውቀዋለች፤ በማን ቤት ማን ታሞ እንደተኛም ታውቃለች።

መቀቀያዋን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ለእናቴ ደወልሁ።

«ክኒኑን ዋጥሽ?»

«አዎ ልጄ፣ ነጩን ውጫለሁ።»

የትኛውን ነጭ?